ከቅመማ ጓዳ ወደ ምርምር

በ18ኛው ምዕተ ዓመት በብዙ የአውሮፓ ከተሞች የተሟላ የኬሚስትሪ መሥሪያ የሚገኘው ከዩኒቨርሲቲ ይልቅ በመድኃኒት ቤት ጓዳ ነበር። ምድጃው፣ የማጣሪያ ዕቃው፣ ቅንጣቷን የሚለይ ሚዛኑ፣ ስም የተለጠፈበት ብልቃጥ ሁሉ እዚያ ነው። መድኃኒት ቀማሚው ጨውን፣ አሲድን፣ የቅጠልና የሥር ጭማቂን በገዛ እጁ ማዘጋጀት ነበረበት፤ ያዘጋጀውም በደንቡ መሠረት መሆኑን መርማሪ ሲመጣ ያሳያል። በዚያው ዘመን የዩኒቨርሲቲ ኬሚስትሪ የሕክምና ትምህርት ተቀጥላ ነበር፤ መምህሩ ያነባል፣ ተማሪው ይጽፋል፣ ምድጃ የሚያነድ ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ነገርን በእጁ ፈትኖ ማወቅ የፈለገ ልጅ 14 ወይም 15 ዓመት ሲሞላው መድኃኒት ቤት ገብቶ በተለማማጅነት ያገለግል ነበር። በፋርማሲ የሠለጠነ ሰው ወደ ምርምር የሚሄድበት መንገድ የተጠረገው በእነዚህ ልጆች እጅ ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዚህ ዓይነቱ ሕይወት ግልጽ ምሳሌ ካርል ቪልሄልም ሼለ ነው። በ1742 ሽትራልዙንድ ላይ ተወልዶ በ14 ዓመቱ በጎተንበርግ ለአንድ መድኃኒት ቀማሚ ተቀጠረ። ከዚያም በማልሞ፣ በስቶክሆልምና በኡፕሳላ መድኃኒት ቤቶች ሲሠራ ኖሮ በ1775 ሾፒንግ በምትባል ትንሽ የስዊድን ከተማ የአንድ መድኃኒት ቤት ኃላፊ ሆነ። ዩኒቨርሲቲ ገብቶ አልተማረም። ሆኖም ኦክስጅንን ለብቻው ለይቶ አይቷል፣ ክሎሪንን አግኝቷል፣ ከኮመጠጠ ወተት የላክቲክ አሲድን፣ ከሎሚ የሲትሪክ አሲድን አውጥቷል። ስለ ኦክስጅን የጻፈው መጽሐፍ ማተሚያ ቤት ዘግይቶ በ1777 ሲወጣ እንግሊዛዊው ጆሴፍ ፕሪስትሊ ቀድሞት ነበር፤ ክብሩም ለረጅም ጊዜ ወደዚያ አደላ። የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ ግን የመድኃኒት ቤት ተቀጣሪ ሳለ አባል አድርጎ መርጦታል። ሼለ ከጓዳው ሳይወጣ በ1786 በ43 ዓመቱ ሞተ። ሊሞት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት የቀድሞውን ባለ መድኃኒት ቤት ባልቴት አገባ፤ ንብረቱ ለእርሷ እንዲተርፍ ነው ይባላል።

የሼለ መንገድ የብዙዎች መንገድ ነበር። በ1789 ዩራኒየምንና ዚርኮኒየምን ያገኘው ማርቲን ሃይንሪሽ ክላፕሮት የበርሊን ባለ መድኃኒት ቤት ነበር፤ የበርሊን ዩኒቨርሲቲ በ1810 ሲከፈት የመጀመሪያው የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የሆነውም እርሱ ነው። በ1747 ስኳር ከቀይ ሥር ዘመድ ሥሮች እንደሚገኝ ያሳየው አንድሬያስ ማርግራፍም የበርሊን መድኃኒት ቀማሚ ልጅ ነበር። እንዲህ ካሉት ቀማሚዎች አብዛኞቹ ለምርምራቸው ደመወዝ የሚከፍላቸው አልነበረም። ምርምሩን የሚያኖረው ከፊት ለፊት የሚሸጠው ሽሮፕና ቅባት ነው።

ሆኖም እስከዚህ ድረስ የመድኃኒት ቤቱ ጓዳ ያፈራው ምርምር ከመድኃኒት ይልቅ ወደ ኬሚስትሪ ያዘነበለ ነበር። መድኃኒት ቀማሚውን በየቀኑ የሚያስጨንቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዛሬ የሚሰጠው ዱቄት ትናንት ከተሰጠው ጋር በኃይሉ እኩል ነው ወይ? ሚዛን ክብደትን እንጂ ኃይልን አይለካም። አንዱ ዓመት የደረቀው ቅጠል ይበረታል፣ ሌላው ይደክማል፤ ነጋዴውም መንገድ ላይ ይቀላቅላል። ሐኪሙ ያዘዘው አንድ መጠን ቢሆንም ሕመምተኛው የሚወስደው ግን ምን እንደሆነ ማንም በእርግጠኝነት አያውቅም።

ይህ ጥያቄ ከሁሉ ይበልጥ የከፋው በኦፒየም ላይ ነበር፤ ትንሽ ሲደክም ሕመሙን አያስታግስም፣ ትንሽ ሲበረታ ይገድላል። በፓደርቦርን ከተማ በአንድ መድኃኒት ቤት ረዳት የነበረው ፍሪድሪሽ ዜርቱርነር ገና ሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ሳለ ነገሩን ያዘው። ኦፒየምን በውኃ አሟሙቶ አሞኒያ ሲጨምርበት ነጭ ነገር ዘቀጠ፤ ያንን አጥቦና አጣርቶ ሲያደርቀው ጠጣር ብርጭቆ መሰል ቅንጣቶች አገኘ። ለውሾች ሲሰጣቸው አንቀላፉ። ከሼለ ወዲህ የዕፅዋት ኃይል ያለው በአሲዶቻቸው ውስጥ ነው ተብሎ ይታሰብ ስለነበር ይህ ነገር የአሲድ ተቃራኒ ሆኖ መገኘቱ ራሱ ግኝት ነበር። የመጀመሪያ ጽሑፎቹ በ1805ና በ1806 ታተሙ፤ ነገር ግን ልብ ያለው ሰው አልነበረም። ዲግሪ የሌለው የክፍለ ሀገር መድኃኒት ቀማሚ የጻፈውን ማን ያነባል?

ዜርቱርነር ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ ተመለሰበት። በዚህ ጊዜ በራሱና በሦስት ወጣቶች ላይ ሞከረው፤ በዘመኑ የቀማሚዎች ሚዛን ግማሽ ግሬይን የሚያህለውን በአልኮል አሟሙተው ጠጡ፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ደገሙ፣ ከዚያም ሠለሱ። ዛሬ ማንኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ በሩን የሚዘጋበት ሙከራ ነው። ሁሉም ክፉኛ ሲደክሙ ኮምጣጤ ጠጥተው እንዲያስመልሱ አደረገ። ሙከራውን የገለጸበት በ1817 የታተመው ጽሑፍ ለንጥረ ነገሩ ከግሪኮች የሕልም አምላክ ከሞርፌዎስ የተወሰደ ስም ሰጠው፤ ዛሬ ሞርፊን የሚባለው ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ጌ-ሉሳክ ጽሑፉ ወደ ፈረንሳይኛ እንዲተረጎም አደረገ፤ በ1831 ደግሞ የፈረንሳይ ኢንስቲትዩት 2000 ፍራንክ ሸለመው። ሽልማቱ ግን ኑሮውን አልለወጠውም። ዜርቱርነር በአይንቤክ የከፈተውን መድኃኒት ቤት በዚያ የነበረው የፈረንሳዮች አገዛዝ ሲያበቃ አጥቶ በሃመልን ከተማ ሌላ መድኃኒት ቤት ያዘ፤ በ1841 የሞተውም እዚያው ባለ መድኃኒት ቤት ሆኖ ነው።

የዜርቱርነር የመጀመሪያ ጽሑፎች ልብ የሚላቸው ቢያጡም መታተማቸው በራሱ አዲስ ነገር ነበር። ይህን ያስቻለው የኤርፉርቱ መድኃኒት ቀማሚ ዮሃን ባርቶሎሜዎስ ትሮምስዶርፍ የሚያዘጋጀው የፋርማሲ መጽሔት ነው። ትሮምስዶርፍ በ1795 ደግሞ ለመድኃኒት ቀማሚዎች የግል ማሠልጠኛ ከፍቶ ተማሪዎቹ ራሳቸው ምድጃ አንድደው እንዲፈትኑ አድርጓል። በመቶዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች በዚያ አልፈዋል። መጽሔትና ማሠልጠኛ ሲኖር በየከተማው ለብቻው ይደክም የነበረው ቀማሚ የሌላውን ውጤት ማየትና መሞገት ቻለ፤ ሙያው ተመራማሪ ማኅበረሰብ የሆነው በዚህ ነው።

በፓሪስ ነገሩ ከዚህ ይበልጥ ተደላድሏል። በ1803 የወጣ ሕግ የመድኃኒት ቅመማን በትምህርት ቤትና በፈተና ሥር አደረገው፤ የፓሪስ የፋርማሲ ትምህርት ቤትም የተቋቋመው በዚያ ሕግ ነው። ዳይሬክተሩ ቮክለን ራሱ በልጅነቱ በመድኃኒት ቤት ያገለገለ ኬሚስት ነበር። ከዚህ ትምህርት ቤት ዙሪያ የወጡት ፒየር ዦዜፍ ፔልቲዬና ዦዜፍ ካቫንቱ ሁለቱም የመድኃኒት ቀማሚ ልጆች ነበሩ። በ1818 ስትሪክኒንን፣ በ1820 ደግሞ ከሲንኮና ቅርፊት ኩዊኒንን አወጡ።

የኩዊኒን ነገር ሰፋ አድርጎ ማየት ይገባዋል፤ የዚህ መንገድ ፍሬ ከሁሉ ይበልጥ የታየው በእርሱ ነውና። የሲንኮና ቅርፊት ከደቡብ አሜሪካ ወደ አውሮፓ ከመጣ ወደ 200 ዓመት ቢጠጋውም በዱቄትነቱ ይሰጥ ነበር። የወባ ሕመምተኛ መራራውን ዱቄት በብዛት መዋጥ አለበት፤ ብዙው ያስመልሰዋል። ቅርፊቱም ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፣ ከሌላ ቅርፊት ጋር ይቀላቀላል፤ ገዢው ጥሩውን የሚለየው በመልኩና በምሬቱ ብቻ ነው። ፔልቲዬና ካቫንቱ ኃይሉን ከቅርፊቱ ለይተው ሲያወጡ ሐኪሙ ለመጀመሪያ ጊዜ በትክክል መዝኖ ማዘዝ ቻለ። የአሠራሩን ዘዴ በፓተንት አላሰሩትም፤ ገልጠው አሳተሙት። በ1827 የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ 10,000 ፍራንክ ሸለማቸው። ፔልቲዬ ግን በሽልማት ብቻ አልኖረም፤ በትምህርት ቤቱ እያስተማረ የኩዊኒን ፋብሪካም ነበረው። መምህር፣ ተመራማሪና አምራች በአንድ ሰው ላይ የተገናኙበት ያ ወቅት ብዙ አልቆየም።

ከኢትዮጵያ ደጋ የተነሣው ቡናም በዚሁ ዘመን በቀማሚዎች እጅ ተፈትኗል። በሉቤክ መድኃኒት ቤት ተለማማጅ የነበረው ፍሪድሊብ ሩንገ በየና ዩኒቨርሲቲ ሳለ የዕፅዋት ጭማቂ የድመትን ዓይን ብሌን እንዴት እንደሚያሰፋ በ1819 ለባለቅኔው ለጎተ አሳየ። ጎተ ተደንቆ የቡና ፍሬ ሰጠውና እስቲ ይህንንም መርምር አለው፤ ሩንገ ካፌይንን ያገኘው ከዚያ ነው። ብዙም ሳይቆይ የፓሪስ ቀማሚዎች እነርሱም በየፊናቸው ደረሱበት።

ኮሶም አውሮፓ ደርሷል። የኮሶ ትል ማስወጫነቱን በቁስጥንጥንያ የነበረ ብራዬር የሚባል ፈረንሳዊ ሐኪም አውቆ ናሙናው ፓሪስ እንዲደርስ አደረገ፤ የዕፅዋት ሊቁ ኩንትም ዛፉን በብራዬር ስም ሰየመው። በ19ኛው ምዕተ ዓመት አጋማሽ ኮሶ በአውሮፓ መድኃኒት ቤቶች ተፈላጊ ሆነ፣ በእንግሊዝም ፋርማኮፒያ፣ ማለትም በመድኃኒት ደንብ መጽሐፉ፣ ገባ። ችግሩ ግን የቆየው የቅመማ ጓዳ ችግር ነው፤ አበባው ሲያረጅ ይደክማል፣ በመርከብ ወራት ሲጓዝ ደግሞ ያረጃል። ስለዚህ እንደ ስዊሱ ፋርማሲስት ፍሪድሪሽ አውጉስት ፍሉኪገር ያሉ ባለሙያዎች ኮሲን የተባለውን ንጥረ ነገር ለይተው መረመሩ። ፍሉኪገር ከእንግሊዛዊው ዳንኤል ሃንበሪ ጋር በ1874 ያሳተመው የመድኃኒት ዕፅዋት መጽሐፍ የእያንዳንዱን ቅጠልና ቅርፊት ታሪክ፣ ንግድና ኬሚስትሪ አንድ ላይ የያዘ ነው፤ ፋርማኮግኖሲ የሚባለው ዘርፍ እንደ ሙሉ ሙያ የቆመው በእንዲህ ያለ ሥራ ነው። ኮሶን ለዘመናት በልክ ሲጠጡ የኖሩት ኢትዮጵያውያን ግን በዚያ ሁሉ ምርምር ውስጥ በስም የተጠቀሱ አልነበሩም፤ የዚያ ዘመን ልማድ ነበርና አያስገርምም፣ ያሳዝናል እንጂ።

ምርምሩ ሲሳካ ጓዳው መልሶ ተራቆተ። ዩስቱስ ሊቢሽ በልጅነቱ በሄፐንሃይም መድኃኒት ቤት ጥቂት ወራት ተለማምዶ የተወ ሰው ነበር። በ1824 በጊሰን ፕሮፌሰር ከሆነ በኋላ ከባልደረቦቹ ጋር የከፈተው ማሠልጠኛ የታሰበው ለመድኃኒት ቀማሚዎች ነበር፤ ዩኒቨርሲቲው የራሱ አድርጎ እስኪቀበለው ድረስም ዓመታት ፈጅቷል። ውሎ አድሮ ግን ቀማሚዎቹ ቁጥራቸው አነሰና የዓለም ኬሚስቶች መፍለቂያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ኬሚስትሪን በእጅ ለመማር መድኃኒት ቤት መግባት ግዴታ አልሆነም።

ምርምሩ ከጓዳው የወጣበት ሁለተኛው በር የተከፈተው በዳርምሽታት ነው። የመርክ ቤተሰብ ከ1668 ጀምሮ በዚያች ከተማ የመልአክ መድኃኒት ቤት የሚባለውን ይዞ ይኖር ነበር። የትሮምስዶርፍ ተማሪ የነበረው ኤማኑኤል መርክ በ1827 እንደ ሞርፊን ያሉ ንጹሕ አልካሎይዶችን እያመረተ ለሌሎች ቀማሚዎች መሸጥ ጀመረ። ሞርፊንን በተወሰነ ንጽሕና ከዳርምሽታት ማዘዝ የሚችል ባለ መድኃኒት ቤት በራሱ ጓዳ ኦፒየም ማብሰል ለምን ያስፈልገዋል? በበርሊን የኤርንስት ሼሪንግ መድኃኒት ቤትም በዚሁ መንገድ ፋብሪካ ሆነ። ስለዚህ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በፋርማሲ የሠለጠነ ወጣት ምርምር ከፈለገ ወይ ወደ ዩኒቨርሲቲ ወይ ወደ ፋብሪካ መሄድ ነበረበት። አንሪ ሟሳን የመጀመሪያውን መንገድ ያዘ፤ በፓሪስ መድኃኒት ቤት ተለማማጅ የነበረ ሲሆን በ1886 ፍሎሪንን የለየው በፋርማሲ ከፍተኛ ትምህርት ቤት ሲሠራ ነው፣ በ1906ም የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማትን አገኘ። ፌሊክስ ሆፍማን ሁለተኛውን ያዘ፤ በመድኃኒት ቤቶች ሠርቶ በሙኒክ ፋርማሲና ኬሚስትሪ ተምሮ በ1894 ባየር ገባ፣ በ1897 ደግሞ አስፕሪን ተብሎ የተሸጠውን ውህድ በንጹሕ መልኩ ሠራ። በአሜሪካም ራሱ በመድኃኒት ቤት የሠለጠነው ኢላይ ሊሊ በ1876 ኢንዲያናፖሊስ ላይ ኩባንያ አቋቁሞ ከአሥር ዓመት በኋላ የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ምሩቅ ለሙሉ ጊዜ ኬሚስትነት ቀጠረ።

20ኛው ምዕተ ዓመት ሲጋመስ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ። መድኃኒቱ ፋብሪካ ውስጥ ክኒን ሆኖ ከመጣ ፋርማሲስቱ ቆጥሮ ከመስጠት በቀር ምን ይሠራል? መልሱ የመጣው ከራሱ ከክኒኑ ነው። ንጥረ ነገሩ ንጹሕ፣ ክብደቱም እኩል ሆኖ ሳለ አንዱ ክኒን ከሌላው የተለየ ውጤት ይሰጥ ነበር። በሳን ፍራንሲስኮ ፋርማሲ ተምሮ በቡፋሎ ያስተማረው ጌርሃርድ ሌቪ በ1960ዎቹ መጀመሪያ የተለያዩ የአስፕሪን ክኒኖች በተለያየ ፍጥነት እንደሚሟሙና ሰውነትም በዚያው ልክ እንደሚቀበላቸው አሳየ። በ1968 ገደማ ደግሞ በአውስትራሊያ የሚጥል በሽታ ታካሚዎች በተለመደው የፌኒቶይን መጠናቸው ተመረዙ። ምክንያቱ ሲጠና በእንክብሉ ውስጥ መሙያ የነበረው ካልሲየም ሰልፌት በላክቶስ መተካቱ ተደረሰበት፤ ላክቶሱ መድኃኒቱ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ አድርጎ ነበር። ምንም ጉዳት የለውም የተባለ መሙያ የመድኃኒቱን ኃይል ለወጠው።

ዜርቱርነርን ያስጨነቀው ጥያቄ ከኦፒየሙ ወጥቶ ክኒኑ ውስጥ ገብቶ ነበር ማለት ነው። ይህን የሚመልሱት ዘርፎች፣ ማለትም የመድኃኒት አዘገጃጀት ሳይንስ፣ መድኃኒት በሰውነት ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በቁጥር የሚያጠናው ፋርማኮኪኔቲክስና የሁለት ክኒኖችን እኩልነት የሚለካው ባዮኢኩቫለንስ፣ ለፋርማሲ ምሩቃን የራሳቸው የምርምር ሜዳ ሆኑ። በ1984 አሜሪካ ውስጥ የወጣው የጀነሪክ መድኃኒቶች ሕግ ደግሞ ይህን ዕውቀት የገበያ መግቢያ ፈቃድ አደረገው። በሌላ በኩል በ1966 በሳን ፍራንሲስኮ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ፋርማሲስቶች በሕሙማን አልጋ አጠገብ እንዲሠሩ ተደርጎ ክሊኒካል ፋርማሲ የሚባለው መንገድ ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ መድኃኒት በሕሙማን ላይ የሚያደርሰውን ጥቅምና ጉዳት የሚያጠኑ ፋርማሲስቶች በዙ።

የቆየው የዕፅዋት መንገድም አልተዘጋም። ቱ ዮዮ በ1955 ከቤጂንግ የሕክምና ኮሌጅ የፋርማሲ ክፍል ተመረቀች፤ ትምህርቷም በመድኃኒት ዕፅዋት ላይ ነበር። ቻይና በ1967 የወባ መድኃኒት ለመፈለግ በጀመረችው ምስጢራዊ ፕሮጀክት ውስጥ የአንድ ቡድን መሪ ሆነች። ቺንግሃኦ የተባለው ተክል አንድ ጊዜ ጥሩ ውጤት ይሰጥና ሲደገም ይከሽፍ ነበር። ቱ የ4ኛው ምዕተ ዓመት ሐኪም የጌ ሆንግን ጽሑፍ ስታነብ ተክሉ ሳይፈላ በውኃ ተዘፍዝፎ ተጨምቆ እንደሚጠጣ አየችና ሙቀቱ እያበላሸው ይሆን ብላ ጠረጠረች። በዝቅተኛ ሙቀት በኤተር ስታወጣው በ1971 በእንስሳት ላይ ሙሉ በሙሉ ሠራ፤ በቀጣዩ ዓመት ለሕሙማን ከመሰጠቱ በፊት እርሷና ባልደረቦቿ ራሳቸው ወሰዱት። የዶክትሬት ዲግሪ ሳይኖራት በ2015 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ተካፈለች። ኢትዮጵያም በ2004 ላልተወሳሰበ የፋልሲፓረም ወባ የመጀመሪያ ሕክምና አድርጋ የመረጠችው በየጤና ጣቢያው ኮአርተም ተብሎ የሚታወቀውን፣ አንዱ ንጥረ ነገሩ ከዚህ ተክል የተገኘ ጥምር መድኃኒት ነው።

በኢትዮጵያ ራሱ ዘመናዊ የመድኃኒት ቤት ከ20ኛው ምዕተ ዓመት መጀመሪያ አይርቅም፤ ጆርጂያዊው ሐኪም ሜራብ በ1910 አዲስ አበባ ላይ የከፈተው ይጠቀሳል። ለሃምሳ ዓመት ያህል ሙያው ከውጭ የመጣውን መሸጥና ማደል ሆኖ ቆየ። በ1961 በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት ሲቋቋም ግን የራስ ምሩቃን መጡ፤ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ሲጨመር ደግሞ የምርምር መንገዱ ተከፈተ። የሀገር ውስጥ ዕፅዋትን በኬሚስትሪና በእንስሳት ሙከራ የሚመረምሩት የመመረቂያ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ከዚህ ጎን ግን በገበያ ላይ ያለውን መድኃኒት የሚመረምር ዘርፍ አድጓል። በጅማ ዩኒቨርሲቲ የፋርማሲ ትምህርት ቤት የመድኃኒት ጥራት ላቦራቶሪ አለ፤ በአዲስ አበባም የባዮኢኩቫለንስ ማዕከል ተቋቁሟል። በእነዚህ ቦታዎች ወጣት ፋርማሲስቶች ክኒን ያሟማሉ፣ በደም ውስጥ ያለውን መጠን ይለካሉ፣ የአንዱን አምራች ከሌላው ያወዳድራሉ።